የዘጌ ሎሚ፣ የኮመጠጠ ጠላና የበረኪናው ጠርሙስ

(የመግቢያ ዜማ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

  

የዛሬው ጉዳያችን ኮምጣጤ ነው። ከሱቅ ስትገዙ «አቼቶ ስጠኝ» የምትሉት ማለት ነው። ገና ሳንጀምር አንድ ጥያቄ፦ በእናንተ ቤት ኮምጣጤ ለምን ይውላል?

ለሰላጣ ካላችሁ ብዙ ሰው ከእናንተ ጋር ነው። ሁዳዴ ሲገባ ጠርሙሱ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ ፋሲካ ሲደርስ ይረሳል። ዛሬ ከሰላጣው ሳህን አውጥተን ወደ ማንቆርቆሪያው፣ ወደ ዓሣ መክተፊያው፣ ወደ ሲኒው እንወስደዋለን። ዝር ማለት የሌለበትንም ቦታ እናያለን። እንዲያውም ይህን ፕሮግራም ለማዘጋጀት ያነሣሣን እሱ ነው።

(አጭር ዜማ)

ከዘጌ እንነሣ። ይህ ወደ ጣና ሐይቅ ዘልቆ የገባ መሬት በኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ በአዝዋ ማርያምና በሌሎችም ገዳማቱ ይታወቃል። በቆየው ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ስለሆነ፣ የዘጌ ሰው ኑሮው ከጫካው ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል።

ሦስቱም ዛሬ ያስፈልጉናል። ቡናው ሲኒ ያጠቁራል። ጌሾው ለጠላ ይሆናል፣ ጠላው ሲከርም ይኮመጥጣል። ሎሚው ደግሞ ኮምጣጤ የሚሠራውን ሥራ አብዛኛውን ይሠራል፤ ያውም ከጓሮ ተቀጥፎ፣ ያለ ገንዘብ።

እስቲ እናቶች መልሱ፦ ከድግስ የተረፈ ጠላ ጋኑ ውስጥ ሲቆይ ለምንድን ነው የሚኮመጥጠው?

የጠማቂዋ እጅ አይደለም ያበላሸው። በአየር ላይ፣ በፍራፍሬ ልጣጭ ላይ፣ በእነዚያ ከጠላ ጋን በማይጠፉ ትንንሽ ዝንቦች ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። ጋኑ ተከፍቶ አየር ከገባበት፣ ባክቴሪያዎቹ የጠላውን አልኮል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር አዋሕደው አሴቲክ አሲድ ያደርጉታል። ይህን የሚሠሩት ሕይወት ያላቸው ነገሮች መሆናቸውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864 ያስረዳው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። ጠላ፣ ጠጅ፣ የወይን ጠጅ፣ አልኮሉ ያልበረታ መጠጥ ሁሉ አየር ካገኘ መጨረሻው እንዲሁ ነው። ጋኑን በደንብ ከድኖ በጭቃ መምረግን የለመዱት እናቶቻችን አየሩን መከልከላቸው ነበር።

ከሱቅ የምትገዙት ኮምጣጤ ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ነው፤ የቀረው ውሃ። ቁጥሩ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። ከዚያ እጅግ የበረታ አሲድ ለፋብሪካና ለቤተ ሙከራ ይሸጣል፤ እሱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ከቤት መግባት የለበትም።

እንግዲህ ከዛሬው ፕሮግራም አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትባሉ ይህን ያዙ፦ ኮምጣጤ ቀለል ያለ አሲድ ነው። እንድገመው፤ ኮምጣጤ ቀለል ያለ አሲድ ነው። አሲድ የሚሠራውን ይሠራል፣ አሲድ የማይሠራውን አይሠራም። አሁን የምንላችሁ ሁሉ ከዚህች ዐረፍተ ነገር የሚመዘዝ ነው።

(ውሃ ሲፈላ የሚሰማ ድምፅ)

በመጀመሪያ የውሃ ማፍያው። ክዳኑን ክፈቱና ታችኛውን እዩት። ነጭ፣ ሻካራ፣ በጥፍር ቢፍቁት የማይነሣ ቅርፊት አለበት? ውሃ ከመሬት ሲወጣ የሟሟ የኖራ ዘር ይዞ ይወጣል። ሲፈላ ያ ኖራ ከውሃው ይለይና ከዕቃው ጋር ይጣበቃል። የድሬዳዋና የመቐለ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ አካባቢያቸው በኖራ ድንጋይ የተሞላ ስለሆነ ውሃቸው ማፍያውንም ቧንቧውንም ያለብሰዋል።

ይህ ቅርፊት በሳሙና አይለቅም፤ በኦሞ አይለቅም፤ በሽቦ ቢፈትጉት ዕቃው ይጫጫራል እንጂ። አሲድ ግን ያሟሟዋል። እኩል ውሃና እኩል ኮምጣጤ ቅርፊቱን እስኪሸፍን ጨምሩ፣ አፍሉት፣ ከእሳቱ ወይም ከኤሌክትሪኩ አውርዱና ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ፍልቅልቅ የሚሉ ትንንሽ አረፋዎች ታያላችሁ፤ ኖራው እየሟሟ ነው። ድፉትና ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልታችሁ ድፉ፤ ያለበለዚያ የመጀመሪያው ሻይ ሰላጣ ሰላጣ ይላል።

ኮምጣጤ ከሌለስ? ሁለት ሦስት ሎሚ ጨምቃችሁ በውሃ አፍሉበት። የሎሚ ጭማቂ አሲድነቱ ከሱቁ ኮምጣጤ አያንስም። ዘጌ ላይ ተቀምጦ ለማንቆርቆሪያ ብሎ አቼቶ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ልጆች አጠገባችሁ አሉ? ለእነሱም አንድ ሙከራ እነሆ። ጥሬ እንቁላል በብርጭቆ አድርጉና እስኪሸፈን ኮምጣጤ ጨምሩበት። ወዲያው አረፋ ይጀምራል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ቅርፊቱ ሟሙቶ ያልቅና እንቁላሉ በስስ ሽፋን ብቻ ተጠቅልሎ ይቀራል። የእንቁላል ቅርፊትና የማንቆርቆሪያው ቅርፊት አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። እንቁላሉ ከዚያ በኋላ አይበላም፤ ይህን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ዓሣው። በባሕር ዳርና በዘጌ ዳርቻ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ሲጸዳ የዋለ መክተፊያና እጅ በሳሙና ቢታጠብም ሽታው አይለቅም። ለምን ይመስላችኋል?

የዓሣ ሥጋ መበላሸት ሲጀምር አሚን የሚባሉ ነገሮች ይፈጠሩበታል። አሚን ከአሲድ ተቃራኒ ወገን ነው፤ በቀላሉ ተንኖ ወደ አፍንጫ ይመጣል። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ሲነካው ወደ ጨው ይለወጣል። ጨው አይተንም። የማይተን ነገር ደግሞ አይሸትም። በሌላ ነገር መሸፈን ሳይሆን መለወጥ ነው፤ ሽቶ ከመርጨት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አምባዛ ላይ አንዳንዴ የሚኖረው ጭቃ ጭቃ የሚል ሽታ መነሻው ሌላ ነው፤ እሱም ግን በአሲድ ይዳከማል። ዓሣ ከመጠበሱ በፊት ሎሚ የሚታሸው ለጣዕም ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መክተፊያውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ቀጥሎ ኮምጣጤ አፍስሱበትና ትንሽ አቆዩት፣ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አቁሙት። ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል፤ ሳሙናው ይቀድማል።

እዚህ ላይ ለዓሣ አጥማጆችና ለታንኳ ቀዛፊዎች የምንነግራችሁ አለ። እጃችሁን በሎሚ አሽታችሁ፣ ሳታለቀልቁ፣ በቀን ፀሐይ ሐይቁ ላይ ከወጣችሁ ቆዳችሁ እንደ ተቃጠለ ሊቀላና ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ ሲድን ጠቆር ያለ ምልክት ትቶ ለሳምንታት ይቆያል። በሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ቆዳ የሚጎዳ ነገር አለ። ኮምጣጤ ይህ የለበትም። ስለዚህ በሎሚ የታሸ እጅ በደንብ ይታጠብ፤ አለዚያ ለቀን ሥራ ኮምጣጤው ይሻላል።

(የሲኒ መንቀጭቀጭ)

ሲኒውስ? በየቀኑ ሦስት ጊዜ ቡና የሚፈላበት ቤት የሲኒው ውስጥ ቡናማ ቀለበት ያበጃል። ጨው በጥቂት ኮምጣጤ ወይም በተቆረጠ ሎሚ አርጥባችሁ በጣት እሹት። ጨው ይፍቃል፣ አሲድ ያላቅቃል። ጀበናውን ግን ተዉት። ሸክላ ይመጥጣል፤ የመጠጠውን ሽታ ደግሞ በሚቀጥለው ቡና ይመልስላችኋል። የእንጀራ ምጣድም እንዲሁ፤ እሱ የሚወደው ጎመን ዘር ነው።

የዛገ ቢላና ማጭድ? አንድ ሌሊት ኮምጣጤ ውስጥ ይደር። ጠዋት ዝገቱ በጨርቅ ይለቃል። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባ፤ ካልተቀባ በማግሥቱ እንደገና ይዝጋል። የመስኮት መስታወት? ጥቂት ኮምጣጤ በውሃ፣ ከዚያ በአሮጌ ጋዜጣ ማድረቅ። ስለ መስታወት ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

አሁን ደግሞ የማይሠራውን እንይ። በቅቤና በዘይት የተለበጠ ድስት ላይ ኮምጣጤ አፍስሶ መጠበቅ ከንቱ ልፋት ነው። ስብ የሚፈታው ሳሙና፣ ላርጎ፣ ወይም የአሲድ ተቃራኒ የሆነው አመድ ነው። አመድ በውሃ ሲበጠበጥ እጅ ላይ ሙልጭ ሙልጭ የሚለው ለዚህ ነው፤ አያቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ ትክክል ነበሩ።

ከአመዱ ሌላ እንዶድ ነበራቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ነበሩ። ከዚያ ምልከታ የተነሣው ምርምር እሳቸውንና ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን በዚያው አቆጣጠር በ1989 ለዓለም አቀፉ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብቅቷቸዋል። ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ቢልሃርዚያ በጣና ዳርቻም አለ። በሽታው የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ ሐይቁ ውስጥ ቆሞ የሚያጥብ ሰው በኋላ እግሩን በኮምጣጤ ቢታጠብ ምንም አይፈይድለትም።

(ዜማው ይቋረጣል፤ አጭር ዝምታ)

አሁን ሥራችሁን ለአፍታ ቆም አድርጋችሁ ስሙን።

ነጠላ ወይም ነጭ አንሶላ ስታጥቡ በረኪና ትጠቀማላችሁ? መጸዳጃ ቤት ስታጸዱስ? አዎ የሚለው ብዙ ነው። እንግዲህ በረኪናና ኮምጣጤ በፍጹም፣ በፍጹም አይቀላቀሉም። በረኪናና ሎሚም አይቀላቀሉም።

«ሁለቱም ያጸዳሉ፤ ሲደመሩ የበለጠ ያጸዳሉ» የሚል ሐሳብ የመጣለት ሰው ጥቂት አይደለም። የሚሆነው ይህ ነው፦ አሲዱ በረኪናውን ይነካውና ክሎሪን ጋዝ ይለቀቃል። ክሎሪን ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915፣ ቤልጅየም ውስጥ በኢፕር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው መርዝ ነው። በባልዲ የሚወጣው መጠን ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ጠባብና መስኮት የሌለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ዓይን ለማቃጠል፣ ሳል ለመቀስቀስ፣ ትንፋሽ ለማሳጠር ይበቃል። አስም ላለበትና ለሕፃን የባሰ ነው።

ከሆነስ? ባልዲውን ለመድፋት አትታገሉ። ልጆቹን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፤ መተላለፊያችሁ ላይ ያለ በርና መስኮት ካለ ክፈቱ። ዓይን ካቃጠለ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ሳሉ ወይም የትንፋሹ ማጠር ካልተወ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ነጠላው ሳሙና ይዞ ከደረቀ ድርቅ እንደሚል ታውቃላችሁ። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ላይ ግማሽ ሲኒ ኮምጣጤ ቢጨመር የሳሙናውን ትራፊ ያነሣል፣ ጨርቁም ይለሰልሳል። ይህ እውነት ነው። የሚደረገው ግን በረኪና ባልነካው እጥበት ብቻ ነው። እንድገመው፦ በረኪና ባልነካው እጥበት ብቻ።

(ዜማው ይመለሳል)

ወደ ሰላጣው እንመለስ፤ መቼም ሳናነሣው አናልፍም። ብዙ ቤት ሰላጣውን ኮምጣጤ ባለበት ውሃ ዘፍዝፎ «አሁን ንጹሕ ነው» ይላል። ነው ወይ?

በከፊል። ኮምጣጤ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን ቁጥር ይቀንሳል። የወስፋት እንቁላል ግን ጠንካራ ሽፋን አለው፤ ለእሱ በኮምጣጤ ላይ እምነት መጣል አይቻልም። የሚያድነው ቅጠሉን አንድ በአንድ ገልጦ፣ በሚፈስስ ንጹሕ ውሃ አፈሩን ማጠብ ነው። ከሐይቁ በቀጥታ በተቀዳ ውሃ ያጠበ ሰው ከቅጠሉ ላይ ያነሣውን መልሶ ጫነበት። ውሃው ይፍላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ መድኃኒት ይታከም። ውሃ አጋርም የበረኪና ወገን ስለሆነ ያ የታከመ ውሃና ኮምጣጤ በአንድ ሳህን አይገናኙ። ቆስጣና ጎመን ሲሆን ደግሞ ማብሰል ከሁሉም ይበልጣል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ እንዴት እንደ ናረ ታስታውሳላችሁ። ኮምጣጤም ለእጅ ማጽጃ ይሆናል የሚል ወሬ አብሮ ተነዛ። አይሆንም። ለእጅ ሳሙናና ውሃ፣ ካልሆነም በቂ አልኮል ያለው ማጽጃ ነው። በሽተኛ ያለበትን ቤት ወለልና የበር እጀታ በኮምጣጤ ጠርጎ መተማመን አደጋ አለው።

ሌላም የተለመደ ነገር አለ፤ ሶዳ ላይ ኮምጣጤ ማፍሰስ። ይፎልላል፣ ያስደስታል፣ ሥራ የሚሠራም ይመስላል። አሲድና ተቃራኒው ተገናኝተው ተፋጅተዋል፤ አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ የሚቀረውም ደካማ ጨዋማ ውሃ። የተዘጋ የውሃ መውረጃ በዚያ አይከፈትም። ሶዳው ለብቻው ለስብ፣ ኮምጣጤው ለብቻው ለኖራ ቢውሉ ይሻል ነበር።

ኮምጣጤ የሚጎዳቸውን ዕቃዎች ደግሞ እንቁላሉ ነግሮናል። እምነ በረድ ከእንቁላል ቅርፊት ጋር አንድ ዘር ነው፤ ኮምጣጤ ሲነካው ውበቱ ጠፍቶ ይፈዛል። የእምነ በረድ ስባሪ የገባበት የሲሚንቶ ንጣፍ ወለልም እንዲሁ። በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ያለበት ነገር አይደር።

ናስና መዳብ በሎሚና በጨው ሲታሹ ያብረቀርቃሉ፤ ለቤት ጌጥ ይሁን። አሲዱ በደንብ ካልታጠበ ግን ቆይቶ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። በቤተ ክርስቲያን ላላችሁ አገልጋዮችም አደራ፦ በኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚገኙት ዓይነት የቆዩ ዘውዶች፣ መስቀሎችና ጸናጽል በኮምጣጤም በሎሚም አይታሹ። ጥቁረቱ የዕድሜያቸው ልብስ ነው፤ የተበላ ብረት አይመለስም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል። የግድግዳውን ሥዕልማ እርጥብ ጨርቅም ቢሆን አይንካው።

(አጭር ዜማ)

በመጨረሻ፣ ከዘጌና ከአካባቢዋ የሚነሣ ጥያቄ፦ የኮመጠጠውን ጠላ ከመድፋት ለማጽጃ ልንጠቀምበት እንችላለን?

ትችላላችሁ። በንጹሕ ጨርቅ አጥሩት፣ ሰፊ አፍ ባለው የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ አድርጉት፣ ዝንብ እንዳይገባ አየር እንዲያገኝ በስስ ጨርቅ እሰሩት። ከብረት ዕቃ አርቁት። የአልኮሉ ሽታ ጠፍቶ አፍንጫ የሚወጋ ሲሆን ደርሷል። ጠላ ቀጭን ከነበረ ኮምጣጤውም ቀጭን ይሆናል፤ ስለዚህ ለማንቆርቆሪያው ሳታቀጥኑ ጨምሩት። ጠቆር ስለሚል ነጭ ልብስ ላይ አይፍሰስ። ቃሪያና ካሮት ለማቆየት ደግሞ አይሁን፤ ጥንካሬው ስለማይታወቅ ምግቡ ሊበላሽ ይችላል። ለዚያ 5 በመቶ የተጻፈበትን ከሱቅ ግዙ።

በሃይላንድ ጠርሙስ የምታስቀምጡት ከሆነ ላዩ ላይ በትልቁ «ኮምጣጤ» ብላችሁ ጻፉ፤ በረኪናውም ላይ እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡ፤ በረኪናው የልጅ እጅ ከማይደርስበት ከፍ ይበል።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አመድ፣ ስለ ግራዋና ስለ ጋን እጥበት እንነጋገራለን። እስከዚያ ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ዜማ)